የቨርሊን ጣት

ኦሊታ ፕረስኔል አርባ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ማንንም «እምቢ» ብላ አታውቅም ነበር። ይህ ማለት ግን ሞኝ ነበረች ማለት አይደለም። ሁሉን ታያለች፣ ሁሉንም በሆዷ ትይዘዋለች። ዝም አይነቅዝም እያለች ያጠራቀመችው ግን ከጊዜ ብዛት ሆዷን ሞልቶ መተንፈሻ አሳጥቷት ነበር። ልጅ ሳለች አባቷ በጣቱ ወደ ካልሲ ፋብሪካው አመለከተ፤ ሄደች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰባኪው ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አመለከተ፤ ሄደች። ዛሬም የዚህን ተራራ ልጆች ባቄላና የበቆሎ ዳቦ የምታበላው እሷ ናት። ቨርሊን ፕረስኔል ደግሞ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ ወደ ፒክአፑ አመለከተ፤ ወጣች፤ አገባችው።

ቨርሊን ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ምድጃና የቤት ማሞቂያ ይጠግናል፣ በቤተ ክርስቲያኑም ዲያቆን ነው፣ ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ችግሩ ጣቱ ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው መኪናውን የምትነዳው ኦሊታ ናት፤ እሱ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ያ ጣት ግን አይቀመጥም። «አጋዘኗን! አጋዘኗን እያት! ያንን ድንጋይ! ቦዩን!» እያለ የሚያስፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያመለክት ነው ቤት የሚደርሱት። በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት «ቦዩን!» ብሎ ሲያመለክት የኦሊታ እጆች ጣቱን ተከትለው መሪውን አዞሩና ፒክአፑ እስከ ሆዱ ቦይ ውስጥ ገባ። ይህንን ቨርሊን በየድግሱ ያወራዋል። «አሳየኋት እኮ! አሳይቻት ነው የገባችበት!» ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል። ኦሊታም አብራ ትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ካያኩንም ያመጣው እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ እስከ ወገቡ የሚገባባት፣ ውሃ እንዳይገባ የጎማ ሽፋን በወገብ ዙሪያ የሚወጠርባት ጠባብ ጀልባ ናት። ከአንድ ወዳጁ ሁለት ያገለገሉ ገዛና ቢጫዋን አመልክቶ «ያንቺ ያቺ ናት፣ የኔ ማር» አላት። ገባችበት። እዚህ ላይ ግን ቨርሊን ያላሰበው ነገር ሆነ፤ ወደደችው። ከሸለቆው በታች ያለው ወንዝ ሰፊና ዝግተኛ ስለሆነ፣ ትንሽ ጠንከር አድርጋ ከቀዘፈች የቨርሊን ድምፅ አይደርስባትም። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝታ አታውቅም። ውሃው የት እንደሚጠልቅ፣ የት ድንጋይ እንደሸሸገ ከፊቱ ማንበብ ጀመረች። ያንን ያሳያት ማንም አልነበረም።

በዚያ ቢበቃ መልካም ነበር። ግን እኛ ዘንድ ካያክ የያዘ ሰው ዓይኑ ከሰፊው ወንዝ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ገደል ጅረቶቹ መውጣቱ አይቀርም። ዝናብ ካልጣለ ድንጋይ ብቻ ናቸው፤ ሲጥል ከአለት ወደ አለት እየዘለሉ ይወርዳሉ። ሆይት ቡካናን የሚባል ሽማግሌ አናጺ በየጸደዩ ለዚህ ነገር አዲስ የሆኑትን ሰብስቦ የሳይለርን ጅረት ያወርዳቸዋል። ቨርሊን ስሙን አስመዘገበ፤ የሚስቱንም አስመዘገበ። የነገራት እራት ላይ ነው። ኦሊታ «እኔ እንጃ» አለች። በእኛ ተራራ ይህ የሴት ልጅ እምቢታ ነው፤ እምቢታ ብሎ የሚሰማው ግን የለም።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ድልድዩ ሥር አምስት ሆነው ተሰበሰቡ። ሆይት፤ ቨርሊንና ኦሊታ፤ ታድ የሚባል ጢሙን ያንዠረገገ ወጣት በያጅ፤ ከኋላ ሆና የወደቀ ልትለቅም የመጣችው ደግሞ ማክሲን ናት። ማክሲን ጡረታ የወጣች ፖስታ አዳይ ስትሆን ምላሷ ከመቅዘፊያዋ ይፈጥናል። ሆይት በድልድዩ እግር ላይ የተቀባውን ምልክት አይቶ ውሃው ልክ እንደሆነ ተናገረና፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ሕጉን ነገራቸው።

«እንግዲህ ስሙኝ። አንድ በአንድ ነው የምንወርደው። የወረደ ሰው ከአለት ጀርባ የረጋ ውሃ ፈልጎ ይቆማል፤ ዞር ብሎ ከኋላው ለሚመጣው በእጁ ያሳያል። እጅ የሚያሳየው መሄጃውን ነው። አደጋውን እንዳታመለክቱ! አለት ብታዩ፣ ግንድ ብታዩ፣ ሰይጣን ቆሞ ብታዩ እንዳታመለክቱት። የሚመጣው ሰው ጆሮው ውሃ ነው፣ ቃላችሁን አይሰማም። ወደ ጠቆማችሁት ነው የሚመጣው።»

«ሰይጣኑ ግራ ከቆመስ፣ ሚስተር ሆይት?» አለ ታድ።

«ቀኝ ታሳያለህ።»

«ሁለቱም ጋ ከቆመስ?»

«ያኔ ማክሲንን ጥራት። ይተዋወቃሉ።»

ማክሲን የኦቾሎኒ ልጣጭ ወረወረችበት። «በሩ ድረስ ደብዳቤ አመላልሼለታለሁ፤ ካንተ የተሻለ ጨዋ ነው!»

ሆይት ስቆ ሲያበቃ ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። «ሁለተኛ፤ ከተቀረቀራችሁና መተንፈስ ከቻላችሁ፣ የያዛችሁን ነገር እቀፉት። አለትም ይሁን ግንድ፣ ደረታችሁን ስጡት። ሽፋኑን በርግዳችሁ ለመውጣት አትቸኩሉ፤ እስክደርስ ጠብቁኝ። ሦስተኛ፤ ከመጀመሪያው ፏፏቴ በኋላ መውጫ የለም። ግራውም ቀኙም ሎረል ነው። የማይፈልግ ካለ አሁኑኑ ይናገር። ማንም አይስቅበትም።»

ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ አበባው ሲታይ ያምራል። ግንዱ ግን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየተቆላለፈ ገደሉን ከላይ እስከ ታች ይሸፍነዋል፤ ሽማግሌዎቹ «ገሃነም» ነው የሚሉት። ድብ ሲያሳድዱ ገብተው የቀሩ ውሾች ታሪክ የሌለው ቤት የለም። ኦሊታ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና ሆይት ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ገባት። አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምን የማይፈልግ አለ! እኛ ዝግጁ ነን!» አለ ቨርሊን፣ ጣቱን ወደ ውሃው ዘርግቶ።

አፏን ዘጋች።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ወረደችው፤ እንዲያውም ከታድና ከቨርሊን ይልቅ ጥርት አድርጋ ወረደችው። ማክሲን ከላይ «ወይ ጉድ!» ስትል ተሰማት። ደስታው ግን ዞር ብላ ወደ ላይ እስክታይ ብቻ ነበር። የመጣችበት በር ነጭ ውሃ ሆኖ ተዘግቷል። ግራ ቀኝ አለት፣ ከአለቱ በላይ ሎረል፣ ከሎረሉ በላይ እንደ መቀነት የጠበበች ሰማይ። ብትታመም እዚህ ናት፤ ብታለቅስ እዚህ ናት፤ ብትለምን የሚከፍትላት የለም። እግሮቿ ጀልባዋ ውስጥ ተወጥረዋል፣ ሽፋኑ ወገቧን አንቋታል፣ የራስ ቁሩ ማሰሪያ ጉሮሮዋን ይዟታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይህኛው ለማሳሳቅም ጊዜ አልነበረውም። ኦሊታ ፈራች፤ ከፍርሃቷም በላይ በራሷ ተናደደች። አንዲት ቃል ነበረች፤ አንዲት ቃል ብትናገር አሁን ቤቷ ሆና ልብስ ታጥብ ነበር።

እንዲህ እያሉ ብዙ ወረዱ። ሆይት ቀድሞ ይወርዳል፣ ለታድ ያሳያል፤ ታድ ለቨርሊን፣ ቨርሊን ለኦሊታ፣ ኦሊታ ለማክሲን። እስከዚያ ድረስ ቨርሊን ሕጉን አከበረ። ማክበር ቀላል ነበር፤ ክፉኛ የሚያስደነግጠው ነገር ገና አላጋጠመውም።

ከዚያ ጅረቱ በአንድ ትልቅ አለት ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሱ። ሦስቱ ወንዶች ተራ በተራ ወርደው ከዓይን ተሰወሩ። ትንሽ ቆይቶ ቨርሊን ከታች አንድ አለት ላይ ወጥቶ ቆመ። ኦሊታ ከላይ ሆና ውሃውን አየች። ግራው ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ሳይሰባበር ይወርዳል። ቀኙ ምን እንዳለበት አይታይም። «ግራ ነው» አለች በሆዷ። ቀና ስትል ግን ቨርሊን መላ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ አፉ ተከፍቷል።

ዓይኗ ግራ አለ፤ ጣቱ ቀኝ አለ። ሆይትም እጅ የሚያሳየው መሄጃውን ነው ብሏል። ዕድሜ ልኳንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ወደ ቀኝ ቀዘፈች።

ግንዱን ያየችው አጠገቡ ከደረሰች በኋላ ነው። ሌሊቱን በዝናቡ የወደቀ ትልቅ ጥድ ቀኙን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ዘግቶት ነበር፤ ውሃው በሥሩ ይሾልካል፣ ሰው ግን አይሾልክም። የጀልባዋ አፍንጫ ከግንዱ ሥር ገባና ተሰነቀረ። ደረቷ ግንዱን መታው። ከኋላ የሚመጣው ውሃ በጀርባዋ ተከመረባት፣ ብብቷ ድረስም ደረሰ። ጀልባዋን ወደፊት ገፋች፤ አልነቃነቅ አለች። ወደ ኋላ ሳበች፤ ውሃው መልሶ ረገጣት። መቅዘፊያዋን ጅረቱ ወሰደው። እግሮቿ ያሉበትን ጠባብ ጨለማ አሰበችና ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ አለ። ጭንቅላቷ ከውሃ በላይ ነበር። ከዚያ በቀር ምንም የእሷ የሆነ ነገር አልነበረም።

ቨርሊን ከአለቱ ዘልሎ ወደ ዳር መጣ። አሁን ቅርብ ስለነበር ድምፁ ይሰማል። «ውጪ! ሽፋኑን ሳቢው! በዚያ በኩል፣ በዚያ በኩል፣ የኔ ማር! ዝለዪ!» ጣቱ ከግንዱ በታች ወዳለው ውሃ ያመለክታል።

እጇ እሺ አለ። ሳታስበው ወደ ሽፋኑ ማሰሪያ ሄዶ ጨበጠው። ያን ጊዜ ኦሊታ ጣቱ የሚያሳየውን ቦታ አየች። ከግንዱ ሥር የተሰበሩ ቅርንጫፎች ወደ ታች ተተክለዋል፤ ውሃው ያመጣውን ቅጠል ሁሉ እዚያው ሰክቶ ይዞታል። በዚያ የገባ ሰው እንደ ቅጠሉ ይቀራል። ማሰሪያውን ለቀቀች። ሁለት እጇን ግንዱ ላይ ጠመጠመች፣ ጉንጯን ከእርጥቡ ቅርፊት ጋር አጣበቀች።

«እምቢ!» አለች።

«ምን?»

«እምቢ አልኩህ! ያን እጅህን አውርድ፣ ቨርሊን! ፊሽካህን ንፋና ሆይትን አምጣልኝ!»

ቨርሊን እጁን አወረደ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ፊሽካውን እየነፋ በአለቶቹ ላይ እየተንገዳገደ ወደ ታች ሮጠ።

ብቻዋን ቀረች። ውሃው አይደክምም፤ እሷ ትደክማለች። ጣቶቿ ደነዘዙ። መጀመሪያ ጸለየች፣ ቀጥሎ ቨርሊንን ረገመች፣ ከዚያ ደግሞ ሰኞ ወጥ ቤቱን ማን ይከፍታል ብላ ተጨነቀች። ልጆቹ ተሰልፈው ሲጠብቋት ታይቷት ማልቀስ ጀመረች፤ ግንዱን ግን አልለቀቀችም። በመጨረሻ ከበላይዋ የሚሳብ ነገር ተሰማት። ማክሲን ነበረች፣ በግንዱ ላይ በሆዷ እየተሳበች፤ ደርሳም የሕይወት ጃኬቷን ትከሻ በሁለት እጇ ጨመደደችው።

«ያዝኩሽ፣ ልጄ። ከዚህ የባሰ የሚነክስ ውሻም ለቆኛል፤ ይሄ ግንድ ነው፣ ምን ያመጣል!»

«እግሬን ይዞኛል፣ ማክሲን።»

«ይያዝሽ። እኔ ደግሞ ከላይ ይዤሻለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለች እናያለን።»

ሆይት ገመድ ይዞ ደረሰ። ታድን ከወዲያ፣ ቨርሊንን ከወዲህ አቁሞ ገመዱን ወጠረው፤ ራሱ ግንዱ ላይ ወጥቶ እሱና ማክሲን ኦሊታን ከጀልባዋ እንደ ጥርስ ነቀሏት። ጀልባዋን ኋላ አወጧት፤ አፍንጫዋ ተጨራምቷል፣ ግን ትንሳፈፋለች። የታድ ትርፍ መቅዘፊያ ተሰጣት። ኦሊታ አለት ላይ ተቀምጣ ጥርሶቿ ይንገጫገጩ ነበር። ቨርሊን ከፊቷ ተንበረከከ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ እኮ እንድትሸሺው ብዬ ነው» አለ። «ግንዱን ሳየው... እንድትሸሺው ብዬ ነው ያሳየሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቦዩንም ያሳየኸኝ እንድሸሸው ብለህ ነው። ሁሉንም እንድሸሸው ብለህ ነው፣ ቨርሊን። አንድም ቀን ግን መንገዱን አላሳየኸኝም።»

ታድ ሁለቱን ላለማየት ብሎ ይመስላል፣ መውጫ ልፈልግ ብሎ ሎረሉ ውስጥ ገባ። ሲሳደብ ተሰማ፤ ፊቱ ተቧጭሮ፣ አንድ እጅጌው ተቀዶ ተመለሰ። «ሚስ ኦሊታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እባብም አያልፍበት» አለ።

ስለዚህ መውጫው ያው የገባችበት ጅረት ነው። ኦሊታ ወደ ተጨራመተችው ቢጫ ጀልባ አየች። ጅረቱ አንድ ትልቅ ፏፏቴ ብቻ ቀርቶታል። ተነሣች፣ ሽፋኑን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«ሆይት፣ ተራውን ቀይርልኝ። ከቨርሊን በፊት እኔ ልውረድ። የማሳየው እኔ ነኝ።»

ሆይት ወደ ቨርሊን አላየም፤ ባያይ ጥሩ አደረገ። «ደህና» አለ።

የመጨረሻው ፏፏቴ በቀኙ ሆዱ የተቦረቦረ አለት አለው፤ ከሥሩ የገባ አይወጣም። ኦሊታ የታድን እጅ ተከትላ በግራ ወረደችና ከታች አለት ላይ ወጥታ ዞር አለች። ቨርሊን ከላይ ጫፉ ላይ ነበር፣ ትንሽ ሆኖ ታያት። ባሏ ነው። ያ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ አፉን ከፍቶ ከጎኑ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ክንዷ ሳታዘው ተነሣ። ወደ ጉድጓዱ ሊያመለክት ነበር። «ያንን! ከዚያ ሽሽ!» ሊል ነበር። ለካ ፍርሃት ጣትን እንዲህ ይጎትታል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ሰው በገዛ እጁ እያሳየው ነው። ቨርሊን በየመንገዱ ምን እየሆነ እንደኖረ ገባት፤ አሳዘናት። ክንዷን በጉልበት መለሰችው። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ግራ፣ ወደ ጥቁሩ ለስላሳ ውሃ ዘረጋች።

ቨርሊን አለቱን አየ። እጆቿን አየ። እንደገና አለቱን አየ። ከዚያ ዓይኑን እጆቿ ላይ ተክሎ መጣ። መሃል ላይ ጀልባው አንድ ጎን ሄደ፤ ኦሊታ ትንፋሿን ያዘች፤ ተቃና፤ ወረደ፤ ከእግሯ ሥር ባለው የረጋ ውሃ ገብቶ ቆመ።

መውጫው ላይ መኪናዎቹ ጋ ሲደርሱ ታድ ቢራ ከፈተ። የቀዛፊዎች ልማድ የታወቀ ነው፤ ውሃው ላይ ሳለ ከጀልባው የወጣ ሰው እንደ ቅጣት በገዛ እርጥብ ጫማው ቢራ ይጠጣል፣ ከነአሸዋው ከነጭቃው። ታድ ሚስ ኦሊታ ይጠጣሉ ሲል፣ ማክሲን ደግሞ ወጣች እንጂ አልዋኘችም ስትል መጨቃጨቅ ያዙ። ጭቅጭቁ ሲሟሟቅ ቨርሊን መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ለቢራው ዘረጋ። ዲያቆን ነው፤ ከንፈሩ ቢራ ነክቶ አያውቅም።

«አንተ ደግሞ መቼ ዋኘህ?» አለች ማክሲን።

«ይሄ የኔ ነው» አለና ጫማውን ሞልቶ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣው። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። በኋላ ሳል ይዞት ማክሲን ጀርባውን ስትደቃው ሁሉም ሳቁ፤ ኦሊታም ከልቧ ሳቀች።

ወደ ቤት ስትነዳ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ቨርሊን አንድ እግሩ ባዶ፣ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ቀብሮ ተቀምጧል። ያ ቦይ ያለበት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ትከሻው ነቅነቅ አለ፤ እጁ ግን አልወጣም።

«ሆይት በሚቀጥለው ወር ሌላ ጅረት አለ ብሏል» አለ። «እኔም ለሁለታችን...» ቆመ። «ትፈልጊያለሽ ወይ?»

ኦሊታ ተጠይቃ ስለማታውቅ ትንሽ ልትቆይበት ፈለገች። ቨርሊን ዝም ብሎ ጠበቀ፤ መጠበቅ እንደሚችል እሱም ዛሬ ነው ያወቀው።

«አልፈልግም» አለች።

ምክንያት ይከተላል ብሎ አሁንም ጠበቀ። አልተከተለም።

«እሺ» አለ።

«ቅዳሜ ግን ወደ ሰፊው ወንዝ እወርዳለሁ። ብቻዬን።»

«እሺ።»

ጥቂት እንደሄዱ አንዲት አጋዘን ከዛፎቹ ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። ኦሊታ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ እስክትሻገር ጠበቀቻት፣ ከዚያ ጉዞዋን ቀጠለች። ቨርሊን ትንፋሹን ይዞ ነበርና አሁን ለቀቀው።

«አይተሻት ነበር እንዴ?»

«ሁልጊዜም አያቸው ነበር፣ ቨርሊን» አለች።